ከቱሉ ዲማ የተወሰደው ምራቅ

ዓፊያ አደም ከሚሴ ከተማ ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመት አልፏት ነበር። መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ከገጠር የወረደ ሕመምተኛ አማርኛ ሲያጥረው፣ ሐኪሙ ደግሞ ኦሮምኛ ሳይሰማ ሲቀር መሀል ቆማ ታስተረጉማለች። ማታ ክሊኒኩ ሲዘጋ ከእግሯ ይልቅ አፏ ይደክማታል። የሰው ሕመም ሁሉ በእሷ አፍ ሲያልፍ ነው የሚውለው።

የተወለደችው ከጨፋ ሮቢት በላይ፣ ቱሉ ዲማ በምትባል ተራራማ መንደር ነው። ቱሉ ዲማ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ አፈሩ ቀይ ነው። ክረምት እግር ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በጋ እንደ ዱቄት ይቦናል። በዚያ አፈር ላይ ያለ ጫማ ሲያርስ ከኖረው ሰው አንዳንዱ እግሩ ያብጣል። መጀመሪያ ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል። ከዚያ እብጠቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። የዓፊያ አባት ዝሆኔ ይዟቸው ነው የሞቱት። ታላቅ ወንድሟ ሸምሱም ገና ጎልማሳ ሳለ ሁለት እግሩ አበጠ። ሌሎቹ ወንድምና እህቶቿ ጤነኞች ናቸው። እሷም ጤነኛ ነች።

ግን ማን ለይቶ ያያል? "የአደም ቤት" ከተባለ እግረ ትልቆቹ ማለት ነው። በመንገድ ሲያልፉ ሰው ፊታቸውን ከማየቱ በፊት ወደ ታች ያያል። ዓፊያ በልጅነቷ ባቲ ተድራ ነበር። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሸምሱ ሊጠይቃት መጥቶ በሄደ ቁጥር አማቷ የተቀመጠበትን ምንጣፍ አውጥታ ታጥበው ነበር። አንድ ቀን ባልየው ከእሷ ልጅ መውለድ እንደሚፈራ ነገራት።

"እንዳንቺ ቤት እንዳይሆንብኝ ነው" አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

"የኔ እግር ምን ሆነ?" አለችው።

"ዛሬማ ምንም አልሆነ።"

"ዛሬማ" የምትለዋ ቃል አላስቀመጠቻትም። ልብሷን ሰብስባ ወደ ከሚሴ ሄደች፤ ተምራ ጤና ረዳት ሆነች፤ ከዚያ ወዲያ ባል አላገባችም።

የሚሊኒየሙ ዓመት ሲገባ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ዘመድኩን የሚባል ተመራማሪ ሐኪም ከአዲስ አበባ ሰዎች ይዞ መጣ። አጥንቱ የወጣ፣ ትሁት ሰው ነው። ዝሆኔ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ሊያጠና ነው የመጣው። አፈሩ አንድ፣ እርሻው አንድ፣ ባዶ እግሩም አንድ ሆኖ ሳለ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ ያብጣል፣ አንዱ አያብጥም። ምክንያቱ በከፊል ከወላጅ በሚወረሰው ዘረመል ውስጥ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቧል። ለዚህም ከሕመምተኛውም ከጤነኛውም ምራቅ በትንንሽ ብልቃጥ ይሰበስባል። አስተርጓሚ ሲፈልግ ዓፊያን ሰጡት። አገሯ ነው፣ ቋንቋዋ ነው።

መንደርተኛው በቀላሉ እሺ አላለም። እግራቸው ካበጠ ብዙ ዘመን የሆናቸው ፋጡሜ የሚባሉ ባልቴት ከሁሉ በፊት ተነሡ።

"ደም ሲወስዱ አውቃለሁ" አሉ። "ምራቅ የሚለቅም ሰው ግን ወላሂ አይቼ አላውቅም። ምን ሊያደርግበት ነው?"

ዓፊያ ለዘመድኩን ወደ አማርኛ መለሰችለት። ዘመድኩን ሳቅ አለና፣ "ምራቅ ውስጥ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር አለ በያቸው" አላት።

"እንግዲያ ሲያነበው ምን እንደሚል ይንገረና!"

"ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን" አለ ዘመድኩን።

ዓፊያ "ውጤት" የሚለውን "ዴቢ" አለችው። በኦሮምኛ መልስ ማለት ነው። ሌላ የሚቀርባት ቃል አልመጣላትም። ዘመድኩን የጥናቱን ውጤት ማለቱ ነበር፤ ሰዉ የሰማው ግን ለያንዳንዱ መልስ ይመጣለታል ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሰልፎ ምራቁን ሰጠ። ሸምሱ ሰጠ። ያኔ ተማሪ የነበረችው የሸምሱ ልጅ ኡሚም ሰጠች። በመጨረሻ ዓፊያ ራሷ ብልቃጥ ተቀብላ ዞር ብላ ተፋችበት። ባቲ ላይ የሰማችው "ዛሬማ" እስከዚያ ቀን ድረስ ከጆሮዋ አልወጣም ነበር።

ሰዎቹ ሄዱ። የተናገረው ዘመድኩን ነው፤ የተሰማው ግን የዓፊያ ድምፅ ስለሆነ ጥያቄው ሁሉ እሷ ላይ ቀረ። ረቡዕ ጨፋ ሮቢት ገበያ ስትወርድ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት ሳትመዝን ትጠይቃታለች። ክሊኒክ ለልጁ ክትባት የመጣ አባት ልጁን ትቶ ስለ ምራቁ ያነሣል። ሰላምታው ራሱ ተለወጠ።

"አካም ጅርታ ዓፊያ? ደህና ነሽ? ምራቄ ምን አለ?"

"ገና ነው። አብሽሩ፣ ይመጣል ኢንሻአላህ።"

ለዘመድኩን ስልክ ትደውላለች። ናሙናው ውጭ አገር ነው ይላታል። ሌላ ጊዜ ስትደውል ደግሞ የሌላ አካባቢ ሰው እየተጨመረበት እንደሆነ ይነግራታል። "ብዙ ሰው ካልተደመረ ምንም አይናገርም" ይላታል። እሷም ይህን ይዛ ተመልሳ ለጠያቂው ሁሉ ትናገራለች። ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ። ምራቃቸውን ከሰጡት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ መልስ ሲጠብቁ ሞቱ። ለቅሶ ቤት ስትደርስ እንኳ ከሟች ልጆች አንዱ በጆሮዋ ይጠይቃታል። በመጨረሻ ቱሉ ዲማ መውጣት አስጠላት። ወንድሟን ለማየት ስትሄድ በጓሮ በኩል ነበር የምትገባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኡሚ አሥረኛ ክፍል ጨረሰች፣ ጎረመሰች። ሰንበቴ ውስጥ ከብት የሚነግዱ አባ ኢብራሂም የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ጀሚል ኡሚን ሮቢት ገበያ አይቶ ወደዳት፤ ሽማግሌ ተላከ። ሸምሱ ደስ አለው። በእሱ ቤት ሽማግሌ ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበርና ለሽማግሌዎቹ ሲነሣ እግሩን በጋቢ ሸፍኖ ነው የተነሣው።

ነገሩ እየተስተካከለ ሳለ የሸምሱና የዓፊያ አክስት ሞተች። አባ ኢብራሂም የወደፊት ዘመድ ነኝ ብለው ለዱዓ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ቤተሰቡ ምንጣፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አዩ፤ ዱዓ አድርገው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ሄዱ። በሳምንቱ ነገሩ ይቆይ የሚል መልእክት መጣ።

ዓፊያ ይህን ስትሰማ እሑድ ሰንበቴ ወረደች። አባ ኢብራሂምን ከብት ተራው ዳር፣ በትራቸውን ተደግፈው አገኘቻቸው።

"አባ ኢብራሂም፣ ምን አጠፋን?"

"አላጠፋችሁም ልጄ። ቤቱን አየሁት። እግሩ ሁሉ አብጧል።"

"ሁሉ? ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ እኔም ነበርሁ። ያበጠው ሸምሱና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የኔን እግር አይተዋል?"

ሽማግሌው እውነተኛ ሰው ስለሆኑ አልዋሹም።

"አላየሁትም" አሉ። "የማንንም ለይቼ አላየሁም። እንዲሁ ሳየው ግን ያበጠ ቤት ነው። ከብት ስገዛም እንዲሁ ነው የማየው። መንጋው ከሩቅ ሲመጣ መክሳቱን አውቃለሁ፤ አንድ አንዱን የምመረምረው በኋላ ነው።"

"እንግዲያ ኡሚን ይመርምሯታ!"

"እሱንማ አልችልም። ምራቋን ወስደዋል አሉ። መልሱ ይምጣ። ከሌለባት ሽምግልናው ይቀጥላል፤ ካለባት አላህ ሌላ ይስጣት።"

ዓፊያ ወደ ከሚሴ በሚመለሰው ሚኒባስ መስኮት ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋ ተመለሰች። ያ ስትጠየቅበት የኖረችው መልስ አሁን የወንድሟን ልጅ ዕድል ይዞ ተቀምጧል። በማግስቱ ለዘመድኩን ደወለች። ለመጀመሪያ ጊዜ "መጥቷል" አላት። "በሚቀጥለው ወር ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።"

ስብሰባው የተደረገው በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። ዘመድኩን ጸጉሩ ነጣ ነጣ ብሏል። ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ የተረፈው በመስኮት ይመለከታል። ፋጡሜ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። አባ ኢብራሂምና ጀሚልም ከሰንበቴ መጥተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ዓፊያ ከዘመድኩን ጎን ቆማ ማስተርጎም ጀመረች።

ዘመድኩን አመሰገነ። ከዚያ የተገኘውን ነገራቸው። የሕመምተኞቹና የጤነኞቹ ምራቅ በአንድ ላይ ተደምሮ ሲታይ፣ አንድ ዓይነት የዘረመል ምልክት ከጤነኞቹ ይልቅ በሕመምተኞቹ ዘንድ በዛ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ዘር ድርሻ አለው። ግን ምልክቱ ያለበት ሁሉ አያብጥም፤ የሌለበትም ሊያብጥ ይችላል። ያለ አፈሩና ያለ ባዶ እግር ደግሞ በሽታው የለም።

ሸምሱ እጁን አወጣ።

"እሱ ደህና። የኔስ ምራቅ ምን አለ?"

ዓፊያ ጥያቄውን ስታስተረጉም የሚመጣውን መልስ ከዘመድኩን ፊት አስቀድማ አነበበች።

"የአንድ ሰው ውጤት የለንም" አለ ዘመድኩን ቀስ ብሎ። "ያለን የሁሉም ድምር ነው፤ አማካዩ ነው። ስለ ሕዝቡ ይናገራል እንጂ ስለ አንተ አይናገርም።"

ዓፊያ "አማካይ" የሚለውን በኦሮምኛ ማስረዳት አቃታት። አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ለዘመድኩን "አልገባቸውም፣ ሌላ ነገር ይበሉ" አለችው። እሱም በመስኮቱ ወደ ተራራው ጠቆመ፤ ፍየሎች ተሰማርተዋል።

"እነዚያን ፍየሎች እዩ። አንድ አንዱን ሳትመለከቱ ወፍረዋል ወይ ከስተዋል ማለት ትችላላችሁ። የሰው ዓይን እንዲህ ነው የተሠራው፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲያይ ጠቅላላውን ይይዛል፣ አንዱን ይጥላል። እኛም ያደረግነው እንደዚያው ነው፤ በዓይን ፈንታ በቁጥር።"

ይህ ገባቸው። ከበሩ በኩል አባ ኢብራሂም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲያ እኔ ያየሁትና ዶክተሩ ያዩት አንድ ነው" አሉ። "እኔ በአንድ እይታ ያገኘሁትን እሳቸው በዚህ ሁሉ ዓመት አገኙት። ቤቱ ዘር አለበት።"

አንዳንድ ሰው ሳቀ። ሸምሱ ጋቢውን እግሩ ላይ ሳበ። ዘመድኩን በችኮላ፣ "አይደለም፣ አይደለም! ከሳ ከተባለ መንጋ ውስጥ የሰባ ፍየል አይጠፋም!" አለ። ዓፊያ ይህን አስተረጎመችና እዚያ ላይ ማቆም ሲገባት አላቆመችም። ለብዙ ዓመት የሰው ቃል ብቻ ስትናገር ኖራ አሁን የራሷ መጣ።

"አባ ኢብራሂም፣ ልጅዎ መንጋ አይደለም የሚያገባው" አለች። "አንዲት ሴት ልጅ ነው የሚያገባው።"

ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ጀሚል ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እሱም አባቱን ተከተለ።

ስብሰባው ሲበተን ዓፊያ ዘመድኩንን መኪናው ዘንድ ያዘችው።

"የኡሚን ብቻ ለይተው ያውጡልኝ" አለችው። "ሌላ ምንም አልጠይቅም።"

"ባወጣውም አይረባሽም ዓፊያ። አለባት ብልሽ ታብጣለች ማለት አይደለም፤ የለባትም ብልሽ አታብጥም ማለት አይደለም። ጫማና ውሃ ነው የሚጠብቃት።"

"ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለአባ ኢብራሂም ነበር መንገር።"

"ነገርኋቸው እኮ።"

"እሳቸው የሰሙት 'ዘር' የምትለዋን ብቻ ነው።"

ዘመድኩን ፊት ላይ ድካም ታየ፤ እሱም በየመንደሩ ይህንኑ ሲጠየቅ የመጣ ሰው ነው። ለእግር ማጠቢያ የሚሆን ሳሙና፣ ቫዝሊንና ፋሻ ለክሊኒኩ እንደሚልክ ነገራትና ተሰናበታት። ቃሉን ጠብቆ ላከ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ዓፊያ በእረፍት ቀኗ ቱሉ ዲማ እየወጣች ምራቅ የሰጡትን በየቤታቸው ዞረቻቸው። ማንም አላዘዛትም። ስብሰባ ላይ ያልነበረ ነበር፤ የነበረም ገና ተስፋ ያልቆረጠ ነበር። ለያንዳንዱ "ላንተ ለብቻህ የመጣ መልስ የለም" ማለት ነበረባት። አንዳንዱ ተቆጣት። አንዱ ዶክተሩ ሸጦታል አለ። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይላት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ይሄኛው ከሁሉ የባሰ ከበዳት።

ፋጡሜ ዘንድ ስትደርስ እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው።

"እና እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም?" አሏት።

"አሉበት እማማ። ከሁሉም ጋር ተደምረዋል። ለብቻዎ ግን አይለይም።"

"ከነማን ጋር?"

"ከብዙ አገር ሰው ጋር። ዝሆኔ ካለበት ሁሉ።"

"እኔ ለራሴ ብዬ ነበር የሰጠሁት" አሉ ፋጡሜ። "ይሁን። አልሃምዱሊላህ። ግን ልጄ፣ እግሬን ያሳክከኛል፤ ለሱ የያዝሽው ነገር አለ?"

ዓፊያ ሳፋ ጠይቃ ውሃ ቀዳች። የፋጡሜን እግር በሳሙና አጠበች፣ በተሰነጠቀው መሀል እየገባች አደረቀች፣ ቫዝሊን ቀባች። ፋጡሜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በማግስቱ ሌሎች ሁለት መጡ። እንዲህ እንዲህ ሲል ቱሉ ዲማ ላይ እግር የሚታጠብበት ቀን ተቆረጠ። ሸምሱም ከብዙ ልመና በኋላ ገባበት። ዓመት ሳይሞላ የእግሩ ሽታ ጠፋ፣ እብጠቱ ጎደለ፤ ሰፊ የሸራ ጫማ ተሰፍቶለት ረቡዕ ገበያ መውረድ ጀመረ። እንደ ድሮው እግር ግን አልሆነለትም፤ አይሆንምም።

ኡሚ ያን ጊዜ ከሚሴ ከአክስቷ ከዓፊያ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ከሰዓት ጀሚል ቤታቸው በር ላይ መጣ። አባቱ ሌላ ልጅ እንዳዩለት፣ እሱ ግን እንዳልፈለገ ለዓፊያ ነገራት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣

"እቴ ዓፊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አላት። "ልጅ ብንወልድ ያብጣል?"

ባቲ ላይ የተጠየቀችው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበራትም፤ ከዚያ ሁሉ ዓመትና ከዚያ ሁሉ ምራቅ በኋላም የላትም።

"አላውቅም" አለችው። "ጫማ ካደረገ፣ እግሩን ከታጠበ አያብጥም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። አውቃለሁ ያለህ ካለ ውሸቱን ነው።"

ኡሚ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

"የመጣኸው ስለ እግሬ ልትጠይቅ ከሆነ መልሱን ሰምተሃል" አለችው። "ስለኔ ከሆነ ደግሞ እኔን ጠይቀኝ። አክስቴን ታደክማታለህ።"

ጀሚል ቀና ብሎ አያት። የዚያን ቀን ምንም ሳይጠይቅ ሄደ። ከዚያ ግን ተመለሰ፤ ደጋግሞ ተመለሰ፤ ስለ እግርም ሁለተኛ አላነሣም። ኒካው ከሚሴ በዓፊያ ቤት ተደረገ፤ ትልቅ ድግስ አልነበረም። አባ ኢብራሂም መጡ። ልጅ ቢያስቀይምም አይጣልም ብለው መጡ፤ ዱዓም አደረጉ፤ ፊታቸው ግን ቀኑን ሙሉ አልተፈታም።

አሁን ኡሚና ጀሚል ሰንበቴ ናቸው፤ ነኢማ የምትባል ልጅ ወልደዋል። ዓፊያ እሑድ እሑድ ስትችል ትጠይቃቸዋለች። ነኢማ ጫማዋን አጥልቃ ግቢው ውስጥ ስትሯሯጥ ትውላለች። አያቷ አባ ኢብራሂም ይወዷታል፤ ከገበያ ሲመለሱ ኪሳቸው ውስጥ ቴምር አይጠፋም። ልጅቷ ጭናቸው ላይ ስትወጣ ግን ጫማዋን ያወልቁና እግሯን በእጃቸው ይዘው ጣቶቿን፣ ተረከዟን ይዳስሳሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ፈርተው ነው። ዓፊያ ታያቸዋለች። አንድ እሑድ ይተዉት ልትላቸው አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ተወችው፤ ሻይዋን ጠጥታ፣ መሽቶ መኪና ሳይጠፋ ተነሣች፤ በማግስቱ ቱሉ ዲማ እግር የሚታጠብበት ቀን ነበር።